ተራራውን ለማየት ብቻ

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ለሰለሞን ነገርኩት። በክረምቱ ወደ ሌሶቶ እሄዳለሁ። ተራራውን ለማየት ብቻ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት የጉዞውን ዝግጅት በሥርዓት ለመያዝ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ያቺን አገር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስያታለሁ። በደቡብ አፍሪካ ሆድ ውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል የተቀመጠች ናት። "ከዚህች አገር በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጡ የምትገቡት ያው አንድ አገር ነው" ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ሳላያት ስለ እሷ ማስተማሬ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

ልጄ ሊድያ እዚያ መኖሯ እውነት ነው። የውሃ መሐንዲስ ናት። ተራራ ላይ ግድብ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥራ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። ይህ ግን አጋጣሚ ነው። ኬንያ ተቀጥራ ቢሆንም ኖሮ እኔ ወደ ሌሶቶ መሄዴ አይቀርም ነበር።

ሰለሞን ታሪክ ያስተምር የነበረ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በአገልግሎት ዘመኑ አንድም ቀን በደወሉ ሰዓት ክፍል ገብቶ አያውቅም።

"ሊድያን ለማየት ነው አትለኝም?" አለኝ።

"መንገዴ ላይ ስለሆነች እሷንም አያታለሁ።"

ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አልነገረኝም።

ግንቦት 7

ሊድያ ፎቶዎች ላከች። በሁሉም ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ አለ። ወፍራም ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ደርቦ፣ ጫፉ የሾለ የሣር ባርኔጣ ደፍቷል። ባለቤቴ ገላነሽ መነጽሯን አድርጋ አየችው።

"ይህ የመሶብ ክዳን የደፋው ማነው?"

"ሾፌሯ ነው።"

"ሾፌር እንዲህ ይስቃል?"

"ደጋ አገር ነው፤ አየሩ ጥሩ ነው።"

ማታ ሊድያ ራሷ ደወለች። "አባዬ፣ አንድ የምነግርህ ነገር ነበረኝ" ብላ ስትጀምር የዓመቱ የዝናብ መጠን ስንት እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ቀጥዬ የነፋሱን አቅጣጫ ጠየቅኳት። እሱንም ነገረችኝ። ከዚያ "እሺ አባዬ፣ ደህና እደር" አለች።

ስለ ነፋሱ መጠየቅ አልነበረብኝም። ዝናቡ ይበቃ ነበር።

ግንቦት 12

ከሐረር ግንብ ውስጥ፣ ጀጎል ገብቼ ለሙሉ ልብስ ተለካሁ። ልብስ ሰፊው ዓሊዪ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ሱቁ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ በስፌት መኪናዎቹ ጩኸት መሃል እየተጯጯኽን ነው የምናወራው።

"ኮቱ ለምንድን ነው?"

"ለተራራ።"

"ተራራ በከረባት የሚወጣ አንተን አየሁ፣ ወላሂ!"

"ሰው ያየኛል።"

"የትኛው ሰው?"

"በአጠቃላይ።"

ዓሊዪ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አስተዋለኝ። "ይህ የተጓዥ ደረት አይደለም" አለ፣ "የአማት ደረት ነው።" ልኩን በትክክል እንዲወስድ ብቻ አሳሰብኩት። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ ሲያዳምጠን ነበር።

ግንቦት 17፣ እሑድ

እድር ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"መምህር፣ ወደ ልጅቷ ዘንድ ሊሄዱ ነው አሉ።"

"ተራራ ለማየት ነው።"

"እሱማ ጥሩ ነው። የሴት አባት ሽማግሌ ሳይላክበት በገዛ እግሩ ወንድ ቤት ሄደ እየተባለ ሲወራ እኔ ተሟገትኩልዎ። መምህር እንዲህ ያለውን አያደርጉም አልኩ።"

"ማነው እንዲህ የሚያወራው?"

"እስካሁን ማንም። ግን ማውራታቸው ይቀራል?"

ተራራ የማንም ወንድ ቤት አይደለም። ይህን ልነግራት ስል ስብሰባው ተጀመረ።

ግንቦት 20

ገላነሽ አብራኝ አትሄድም። ጉልበቷን ያማታል። ደግሞም "ቤት ባዶ አይተውም፤ ሰው ቢመጣስ?" ትላለች።

"ማን ይመጣል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ጀጎል ገብታ ባለ ብዙ ቀለም የሐረር ሙዳይ ገዝታ መጣች። ለማን ብዬ ብጠይቃት "ለተራራው" አለችኝ።

ግንቦት 29

የዓሊዪ ቤት፣ ኢድ። እንደ ወትሮው ለእኛ በክርስቲያን የታረደ ዶሮ ለብቻ ተሠርቶልን ነበር። ባለቤቱ ሐዋ እሱን ጨርሼ ሳላበቃ ሌላ ትጨምርልኛለች።

ሰለሞንም ነበር። የሚያስጨንቀኝ ነገር የመጣው ከእሱ ነው። "የጥናት ጉዞ ከሆነ እኔም አለሁ" አለ። "ፓስፖርቴ አላለፈበትም።"

እንዲመጣ አልፈልግም። እንዳይመጣ ለማለት ግን ምክንያት ማቅረብ አለብኝ። ተራራ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ጓደኛውን አልወስድም ለማለት ምን ምክንያት አለው? "ብርዱን አትችለውም" አልኩት። "እኔ ጎንደር ተወልጄ?" አለኝ።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ደግሞ ይገርማል። "በሰኔ መጨረሻ እሑድ እሑድ ከቤት ትወጣለህ?" ቤተ ክርስቲያን ስሜ እንደምመለስ ነገርኩት። ዓሊዪንና ሐዋን አየ። ሐዋ ሻይ ልትቀዳ ተነሣች፤ ሻዩ ግን ተቀድቶ ነበር።

ኋላ እጄን ልታጠብ ወደ ግቢ ስወጣ ሰለሞን ግንቡን ተደግፎ በስልክ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ሰማሁት። "አዎን ጌታዬ። አይደለም ጌታዬ፣ ቆመን ነው። እስኪመልስልን አንቀመጥም" ይላል። ከአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ጋር እየተነጋገረ መሆን አለበት። መቀመጫ የሌለው አውሮፕላን ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሰኔ 3

ጾም ገባ። ትኬቴ ተቆረጠ፣ ሐምሌ 8። ገንዘቡ የማይመለስ፣ ቀኑ የማይለወጥ ዓይነት ነው። ከሰለሞን ጋር አልተነጋገርኩም። የእሱን ከቆረጠ ይንገረኝ። አልቆረጠም መሰለኝ። ቢሆንም ቆጨኝ፤ ብርዱን አስመልክቶ የተናገርኩት ለጓደኛ የሚባል አልነበረም።

ሰኔ 10

ሌላ ፎቶ። ሰውዬው በሊድያ ወጥ ቤት ቆሞ ሽሮ ያማስላል።

ሾፌሯ እንዳልሆነ አሁን ግልጽ ነው። ቤት አከራይዋ መሆን አለበት። በአንዳንድ አገር አከራዮች ወደ ተከራይ ወጥ ቤት የመግባት መብት አላቸው። ገላነሽ ይህን ማብራሪያዬን በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ "ስሙ ቴቦሆ ነው" አለችኝ።

"አንቺ ከየት አወቅሽ?"

"ከፎቶው ጀርባ ላይ ተጽፏል።"

ፎቶው ስልክ ላይ ነው። ስልክ ጀርባ ላይ ደግሞ የተጻፈ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥቼ አንድ ጋቢ ገዛሁ። የሰው አገር ሲኬድ ባዶ እጅ አይኬድም። ለአከራይም ቢሆን።

ሰኔ 14

መስታወት ፊት "ዱሜላ፣ ንታቴ" እያልኩ ስለማመድ ገላነሽ ደረሰችብኝ። በሌሶቶ ቋንቋ "ሰላም ለእርስዎ፣ አባት" ማለት ነው፤ ታላቅ ሰው ሰላም የሚሉበት ነው።

"ለተራራው ነው የምትለው?" አለችኝ።

ሰኔ 16

ልብሱን ልለካ ዓሊዪ ዘንድ ስገባ ከባንኮኒው በታች ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ሲደብቅ አየሁ። ቡናማ ነው፤ የበቆሎ እሸት የሚመስል ጥለት አለበት።

"ምንድን ነው?"

"የደንበኛ ነው። ጠርዙን ልዘመዝመው ነው።"

"ሐረር ውስጥ ይህን የሚለብስ ማነው?"

"ብርዳም ሰው" አለ፤ ኮቴን በግድ አለበሰኝ። በደንብ ልክ ሆኗል። ብብቱ ላይ ትንሽ ይይዘኛል ብለው፣ "እንዳትሸሽ ነው" አለኝ። ይህ ሰውዬ እያረጀ ሲሄድ የሚናገረው ትርጉም እያጣ ነው።

ሰኔ 21

ሊድያ ደወለች።

"አባዬ፣ የቴቦሆ አጎት ከብቶቹን ከተራራ እያወረዱ ነው።"

"ትክክል ነው። እዚያ አሁን ክረምት ስለሆነ በረዶ ይጥላል። ከብት በበጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ በክረምት ወደ ታች ይወርዳል። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬሻለሁ።"

"አንተ ልትመጣ ስለሆነ ነው የሚያወርዷቸው፣ አባዬ። እያጠቧቸው ነው። በእነሱ አገር የወንድ ወገን ለሴት አባት ከብት ይሰጣል። የሴት አባት ልምጣ ካለ ደግሞ ከብቶቹን ሊመርጥ ነው ብለው ነው የሚያስቡት።"

"በበረዶ ጊዜ ከብት ማጠብ ለሳንባቸው ጥሩ አይደለም" አልኳት።

ከዚያ የአፈሩን ዓይነት ጠየቅኳት። ምን ነካኝ?

ሰኔ 24

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ገላነሽ ተኝታለች ወይም የተኛች መስላለች።

ይህ ደብተር የዝግጅት ደብተር ስለሆነ ያልተዘጋጀውንም መመዝገብ አለብኝ። ገላነሽን ያገባሁ ጊዜ አባቷ ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል። በመጀመሪያው እናስብበት አሉ፤ በሁለተኛው ገና እያሰብን ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን እኔ ከመንገድ ማዶ ካለ ዛፍ ሥር ቆሜ ስጠብቅ ዝናብ ወረደብኝ። ያኔ ስረግማቸው ነበር። ኋላ ግን ገላነሽ በተቆጣች ቁጥር "እኔ ሦስት ጊዜ የተለመንኩ ሴት ነኝ" ስትል እሰማታለሁ። ያን አባቷ ናቸው የሰጧት፤ እኔ ልሰጣት የምችለው ነገር አይደለም።

ለሊድያ ይህን ማን ይሰጣታል? ሰውዬው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ሽሮውን በግራ እጁ ቢያማስለውም። ነገር ግን በሬን ያንኳኳ የለም። ማንም ሳይጠይቀኝ ለማን ነው እሺ የምለው? ሄጄ ደጃቸው ላይ ብቆም ልጄ ሳትጠየቅ የሄደች ትባላለች፣ እኔም ልጁን ይዞ የዞረ አባት እባላለሁ። ካልሄድኩ ደግሞ ያለ አባት ትዳራለች።

ተራራው ግን እዚያው አለ። ተራራ ለማየት ሽማግሌ አያስፈልግም። ለዚህ ነው ተራራውን ለማየት ብቻ የምሄደው።

ሰኔ 29፣ እሑድ

በሥርዓት ልሞክር።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንደተቀመጥን በር ተንኳኳ። ገላነሽ ከማለዳ ጀምሮ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ወንበሮቹን ወልውላ ነበር። ለምን ብዬ አለመጠየቄ አሁን ይገርመኛል። ስከፍት ሰለሞን፣ ዓሊዪና ጥሩወርቅ ቆመዋል። ሰለሞን ጋቢ ለብሶ ከዘራ ይዟል። ዓሊዪ ለኢድ ብቻ የሚለብሰውን ነጭ ልብስ ለብሷል። ጥሩወርቅ ጥልፍ ቀሚሷን አድርጋለች።

"ግቡ፣ ተቀመጡ!"

"አንቀመጥም" አለ ሰለሞን።

"ምነው? ሰው ሞተ?"

"የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም፣ መምህር።"

ሳይሰሙን። ዕድሜ ልኩን "አንተ" ሲለኝ የኖረው ሰለሞን "እርስዎ" አለኝ። ያኔ ገባኝ። እኔው ተቀመጥኩ።

ሰለሞን ጉሮሮውን ጠራረገ። "ከሩቅ አገር፣ ከተራሮቹ ከሌሶቶ፣ የአቶ ቴቦሆ ቤተሰቦች ልከውናል። አጎቱ በስልክ 'የእኛ እግር ሐረር አይደርስም፤ እናንተ እግራችን ሁኑልን' ብለው አደራ ሰጥተውናል። ልጅዎን ወይዘሪት ሊድያን ለልጃችን ለአቶ ቴቦሆ እንዲሰጡን ልንለምን ቆመናል።"

ልጃችን አለ። ቴቦሆን አይቶት አያውቅም።

መልስ ከመስጠት በፊት መጠየቅ የአባት ወግ ነው። ተነሥቼ ኮቴን ለብሼ መጣሁ። ብብቱ እውነትም ያዘኝ።

"ሥራው ምንድን ነው?"

"መሬት ቀያሽ ነው፤ ካርታ ይሠራል" አለ ዓሊዪ።

"ካርታ?" ደንግጬ ነው። "በስንት ስኬል?"

ሦስቱ ተያዩ። "ወላሂ፣ እሱን አልጠየቅንም።"

"ይህ የዝግጅት ጉድለት ነው። ዘሩስ? ሰባት ቤት ተቆጥሯል?"

"ከሌሶቶ ጋር?" አለ ሰለሞን። "እስከ ኖኅ ድረስ ቆጠርን፤ የሚገናኙት መርከቡ ላይ ነው።"

"ሃይማኖቱስ?"

"ክርስቲያን ነው" አለ ዓሊዪ። "እሑድ እሑድ እንደሚሳለም አጎቱን አስምዬ ጠይቄአለሁ።"

"ስለ ክርስትናው የምትመሰክረው አንተ ነህ?"

"ክርስቲያን ቢመሰክር ያዳላል።"

"ጥሩወርቅ ደግሞ ምን ልትሆን መጣች? ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።"

"እኔም በመሶብ ክዳን የሚመጣ አማች አይቼ አላውቅም" አለች ጥሩወርቅ። "አክስቱን ወክዬ ነው። እድር ላይ ሳናግርዎ ፊትዎ እንዴት እንደሚሆን እንዳይ ሰለሞን ነበር የላከኝ። በጣም ጠቆሩ። ሽማግሌ ጠምቶታል ብዬ ነገርኳቸው።"

ሰለሞን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ዳሌው ከታመመ ቆይቷል። እኔ ስለ ልጁ የጤና ሁኔታ፣ ስለ መጠጥ ልማዱ፣ ስለ ትምህርት ውጤቱ መጠየቄን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ሰለሞን "ዘውዴ፣ በእናትህ! ዳሌዬ!" ብሎ ጮኸ። "እርስዎ" ተረሳ።

ዓሊዪ ከፌስታል ያንን የበቆሎ ጥለት ያለበትን ብርድ ልብስ አውጥቶ ትከሻዬ ላይ አለበሰኝ። ከሊድያ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት አዲስ አበባ ድረስ አምጥታው፣ ከዚያ በአውቶቡስ የመጣ ነው። የአጎቱ ስጦታ። በሰኔ ሙቀት፣ በሙሉ ልብስ ላይ። ላቤ ይወርዳል፤ ላብ ብቻ ነው።

ያኔውኑ እሺ ልላቸው አማረኝ። ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። "ተማክረን እናሳውቃችኋለን" አልኩ። "ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐምሌ 13፣ እሑድ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ተመለሱ።"

ገላነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። "ያን ቀን አንተ ሌሶቶ ነህ።"

ትኬቱ አይለወጥም። የሽማግሌ ቀጠሮም አይለወጥም።

"እኛ እዚሁ በር ላይ እንቆማለን" አለ ዓሊዪ። "አንተ የትም ሁን።"

"እንግዲያ መልሱን ገላነሽ ትሰጣለች" አልኩ።

"እኔ?"

"አንቺ። የመሰለሽን።"

ገላነሽ ፈገግ አለች። ያን ጊዜ ቁርጥ አባቷን መሰለች። ፈራሁ።

ሰኔ 30

ለሊድያ እኔው ደወልኩ። ገና ሳልናገር "ባለፈው ሳምንት ምንም አልዘነበም፣ አባዬ" ብላ ጀመረች።

"ዝናቡን ተይው" አልኳት።

ከዚያ "በስንት ስኬል ነው የሚሠራው?" አልኳት። አለቀሰች። ጥያቄው የሚያስለቅስ አልነበረም።

ሐምሌ 5

ጾም ተፈታ። ገላነሽን ሐምሌ 13 ምን እንደምትመልስ ጠየቅኳት።

"እየተማከርኩ ነው" አለች።

"ከማን ጋር?"

"ከራሴ ጋር።"

ሐምሌ 8

ድሬዳዋ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ሰለሞን ሊሸኘኝ መጥቶ ዘገየ። አልተገናኘንም። በሩቅ ከአጥሩ ውጭ ከዘራውን ሲያወዛውዝ አየሁት።

ሐምሌ 9

ማሴሩ ገባሁ። ሊድያ ከስታለች፤ ስትስቅ ግን ያው ናት። ቴቦሆ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "ጤና ይስጥልኝ" አለኝ፤ ጥሩ ተለማምዷል። እኔም "ዱሜላ፣ ንታቴ" አልኩት። እሱ እኔን እንጂ እኔ እሱን "ንታቴ" ማለት እንደሌለብኝ ሊድያ ኋላ ነገረችኝ።

መኪናውን የነዳው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሾፌር ነው ማለቴ ስህተት አልነበረም።

ስኬሉን ነገረኝ። አጥጋቢ ነው።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ዛሬ ወደ ቤተሰቦቹ መንደር ወጣን። በረዶ ነበር። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብሱን በትልቅ መርፌ ቁልፍ ትከሻዬ ላይ አያይዤ ነበር። ከግቢው ፊት ከብቶቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ታጥበዋል። አጎቱ ንታቴ ሞሌፌ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ በሩን ከፍተው "ግቡ" አሉ።

"አልገባም" አልኩ።

ሊድያ አንገቷን ደፋች። "አባዬ፣ በእመቤቴ!"

"መልስ ሳይሰጥ የሴት አባት የወንድ ቤት ደፍ አይረግጥም። ሽማግሌዎቹ ረፋድ በአራት ሰዓት ቤቴ ይቆማሉ። እስከዚያ እዚህ እቆማለሁ።"

ሊድያ ተረጎመች። ንታቴ ሞሌፌ ከብቶቹን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ከብቶቹን አልወደዷቸውም ወይ? ይላሉ።"

"ቆንጆ ከብቶች ናቸው በያቸው። ቀዩ በተለይ።"

የሐረር ሰዓት ከዚህ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም አስቀድሜ አስልቼ ነበር። ያላሰላሁት ሰለሞንን ነው። ሰዓቱ አለፈ፤ ስልኩ አልጮኸም። እግሬ ደነዘዘ። ንታቴ ሞሌፌ ወንበር አስመጡልኝ፤ የሚለምኑኝ ሰዎች ቆመው እኔ መቀመጥ አልችልም ብዬ እምቢ አልኩ። ይህን ሲሰሙ ወደ ውስጥ ገቡ። ተቆጡ ብዬ ስጨነቅ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ደርበው ወጡና አጠገቤ ቆሙ። አንዱ ከብት ጫማዬን ላሰ።

ስልኩ ሲጮኽ ቴቦሆ ከኪሱ አወጣውና ፊቴ ያዘልኝ። የገዛ ሳሎኔ ታየኝ፤ ፀሐይ ገብቶበታል። ሦስቱ ቆመዋል፤ ሰለሞን ያለከልካል። ገላነሽ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"ቀጠሯችን አልፏል" አለቻቸው።

"ሚኒባስ አጣሁ" አለ ሰለሞን። "በእግሬ ነው የመጣሁት።"

"የወንድ ወገን እንዲህ ከሆነ ልጄን በምን አምኜ ልስጥ? አባቴ ሽማግሌ ሲያረፍድባቸው ሌላ ቀን ኑ ነበር የሚሉት። እስኪ ደግሞ ከፍልሰታ በኋላ..."

"ገላነሽ!" ብዬ ጮኽኩ። ከብቶቹ ደነገጡ።

"ማነው የሚጮኸው?"

"ዘውዴ ነው" አላት ዓሊዪ፣ ስልኩን ወደ እሷ አዙሮ።

"የት ነው ያለው?"

"ከደጃቸው ነኝ። ስጪያቸው! በረዶ ነው፣ ገላነሽ፣ እግሬ የለም!"

"ታዲያ ከማን ወገን ሆነህ ነው የምትለምነኝ?"

ሊድያ አየችኝ። ቴቦሆ አማርኛው ባይገባውም ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋው። ዛፍ ሥር ቆሜ ዝናብ የወረደብኝ ቀን ትዝ አለኝ።

"ከወንድ ወገን ነኝ" አልኩ።

ገላነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ጊዜ ወሰደች። ከአባቷ የወረሰችውን ጊዜ ሁሉ ወሰደች።

"ሰጥተናል" አለች። "ሰርጉ ግን ሐረር ነው፣ ጥር ላይ። ያን ቆሞ የቀረ ሰውዬም አሁን አስገቡት፤ ደረቱን ያመዋል።"

ከስልኩ ውስጥ ጥሩወርቅ እልል ስትል፣ ከግቢው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሰምተው እልል ብለው መለሱላት። ሰለሞን "አሁን ልቀመጥ?" ሲል ተሰማኝ። ንታቴ ሞሌፌ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ጋቢውን ለአጎቱ ሰጠሁ፤ ለአከራይ የገዛሁት ቢሆንም። ሙዳዩን ለቴቦሆ እናት ሰጠኋት፤ ገልብጣ ራሷ ላይ ደፋችውና ሁሉም ሳቀ። ቀዩን መርጫለሁ። እንዴት ሐረር እንደሚደርስ ሰለሞን ያስብበት፤ የወንድ ወገን ነው።

ማታ እሳት ዳር ሊድያ ትከሻዬን ተደግፋ፣ "ለመሆኑ ተራራውን አየኸው፣ አባዬ?" አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር። ነገም እንደማይጠራ ቴቦሆ ነግሮኛል፤ ስለ አየር ጠባይ የሚናገረው ትክክል ነው። ስለዚህ ከሰርጉ በኋላ አንድ ጊዜ መመለስ ይኖርብኛል። ተራራውን ለማየት ብቻ።